የጂም ማስታወቂያ ሰውን ሳያሳፍሩ እንዴት ይጻፋል? ለጅማ የጂም ባለቤቶችና አሠልጣኞች

ጅማ ውስጥ ጂም የከፈታችሁ ወይም በሰው ጂም ተቀጥራችሁ የምታሠለጥኑ፣ ማስታወቂያ የሚጽፍላችሁ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ማታ የመጨረሻው ሠልጣኝ ወጥቶ ዳምቤሉ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ስልክ ይወጣል። ሲክስ ፓክ ያለው የማይታወቅ ፈረንጅ ፎቶ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ላዩ ላይ «ቦርጭህን ይዘህ እስከ መቼ?» ይጻፍበታል። ከታች ስልክ ቁጥር ይገባል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል፣ በቃ።

ይሄ ምን ክፋት አለው የሚል ብዙ ነው። እኔ ግን ክፋት አለው እላለሁ። ሰውን በገዛ ገላው አሳፍሮ መጥራት ሰውየውን ይጎዳል። ለጂሙም አይበጅም። ያፈረ ሰው ዙሪያው መስታወት የሆነ ክፍል ውስጥ መግባት ነው የሚፈራው። እንደምንም ቢመዘገብም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለውጥ ካላየ ይጠፋል። የተጠራው ለስፖርት ሳይሆን ከኀፍረት ለመገላገል ነዋ።

ስለዚህ ሰው ሳይሸማቀቅ የሚያነበውን ማስታወቂያ እንዴት እንደምትሠሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልጻፍላችሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እርምጃ 1፦ የምትሸጡትን ወረቀት ላይ አውርዱ

ስልኩን አስቀምጡና ወረቀት ያዙ። ጂማችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጻፉ። ስንት ትሬድሚል አለ? ስንቱ ይሠራል? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ሻወር አለ? ውኃውስ ይመጣል? የሴቶች ልብስ መቀየሪያ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት አለ? ሴት አሠልጣኝስ? በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ለሚመጣ ሰው ክፍያው ስንት ነው? በቴሌብር ይከፈላል? ጠዋት ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ?

ሰው ደውሎ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው። «ሆዴ አስቀያሚ ነው ወይ?» ብሎ የደወለላችሁ ሰው የለም። ማስታወቂያው ግን ያልተጠየቀውን እየመለሰ የተጠየቀውን ይዘለዋል። በተለይ ጅማ ላይ የሴቶች ሰዓት መኖር አለመኖሩ ብቻ አንዲት ሴት መምጣት አለመምጣቷን ሊወስን ይችላል። ሂጃብ ለብሳ ከማይዘመዳት ወንድ አጠገብ ስኳት መሥራት የማትፈልግ ሴት ብዙ ናት። የሴቶች ሰዓት እያላችሁ ማስታወቂያው ላይ ካልጻፋችሁት እንደሌለ ቁጠሩት።

ቀጥላችሁ አብረዋችሁ የቆዩ ሠልጣኞችን ጠይቁ። «ምን ተለወጠልህ? ምን ተለወጠልሽ?» በሏቸው። መልሱን ሳታሳምሩ እንደተናገሩት ጻፉት። «ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል» የሚል ይኖራል። «ባንክ ስቀመጥ የሚያመኝ ወገቤ ተሻለው» የምትል ትኖራለች። «ጅሬን ዳገቱን ሳላለከልክ ወጣሁ» የሚል አይጠፋም። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ እንግዳ ይዞ በእግሩ የወጣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የማስታወቂያችሁ ጥሬ ዕቃ ይሄ ነው።

እርምጃ 2፦ የድሮ ፖስቶቻችሁን አጣሩ

ቻናላችሁን ወደ ኋላ ተመለሱና የለጠፋችሁትን አንድ በአንድ አንብቡ። መፈተኛው ቀላል ነው። ጽሑፉን ፊት ለፊታችሁ ለተቀመጠች አክስታችሁ ጮክ ብላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ? «እትዬ፣ ቦርጭሽን ይዘሽ እስከ መቼ?» ማን ይላል? አፋችሁን ከያዛችሁ ፖስቱ ይውረድ። ፊት ለፊት የማይባል ነገር ስልክ ላይ ስለተጻፈ ጨዋ አይሆንም።

ግልጽ ስድቡን ማግኘት አይከብድም። «ዝሆን»፣ «ቦርጫም»፣ «አጥንትህ ይቆጠራል» የሚሉት ወዲያው ይታያሉ። የሚያስቸግረው ስድብ የማይመስለው ነው። እሱን እንዴት እንደምትለዩ ትንሽ ልቆይበት።

አንዱ በጥያቄ መልክ ይመጣል። «ልብስ ስትለብሺ ሆድሽን እየሳብሽ ነው?» ይላል። ማንም አልተሰደበም። ግን ያነበበችው ሁሉ አጎንብሳ ሆዷን ታያለች። ከዚያ በፊት ምንም ያልመሰላት ነገር ከዚያ በኋላ ጉድለት ይሆናል። ሌላው ትዳር ውስጥ ይገባል። «ባልሽ ዓይኑ ውጭ ውጭ የሚያየው ለምን ይመስልሻል?» የሚል የጂም ቪዲዮ አይቻለሁ። ይሄ ነውር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የሰው ቤት ውስጥ ጥርጣሬ ዘርቶ የወር ክፍያ መሰብሰብ ነው።

በምስጋና የሚመጣም አለ። «እውነተኛ ወንድ እንዲህ ነው»፣ «ሴት ልጅ እንዲህ ስትሆን ነው የምታምረው» ይባላል። ፎቶው ላይ ያለውን ያልመሰለ ሁሉ ወንድም ሴትም እንዳልሆነ ተነገረው ማለት ነው። ደግሞ ስንፍናን የሚያነሣ አለ። «ጊዜ የለኝም ሰበብ ነው» ይላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሱቅ ከፍታ ማታ ለቤተሰብ ራት የምታበስል ሴት ጊዜ የላትም ስትል እውነቷን ነው። እሷን ሰነፍ ከማለት የ20 ደቂቃ ፕሮግራም ብታዘጋጁላት ትመጣለች።

እነዚህ ቃላት ምን እንደሚሠሩ በዓይኔ ያየሁት መርካቶ ነው፣ የጅማው መርካቶ። አንዲት የማውቃት ልብስ ሻጭ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ አጠገቧ ነበርኩ። የጂም ቪዲዮ መጣ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ፊቷን ታጨማድዳለች። ሙዚቃው ይለወጥና ሆዷ ልጥፍ ያለ ሌላ ሴት ትመጣለች። ልብስ ሻጯ አንድም ቃል አልተናገረችም። የሻርፗን ጫፍ ሳብ አድርጋ ሆዷ ላይ ደረበችው። ወዲያው ገዢ መጣና ተነሣች። ያ ሆድ ልጆች የተሸከመ ሆድ ነው። ቪዲዮውን የሠራው ልጅ ያንን እጅ ቢያየው ኖሮ ያጠፋው ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ድርብ ነው። ቤት ውስጥ እናት «ከስተሻል፣ ምን ነክቶሽ ነው? ብዪ እንጂ» ትላለች። ጉርሻው ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ስልኩ ደግሞ «ወፍረሻል፣ ተይ» ይላል። ወንዱንም እንዲሁ። አንዱ ጋ «ጠፋህ እኮ፣ ከሳህ» ይባላል፤ ሌላው ጋ ቦርጩ መሳቂያ ይሆናል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዚህ ሁሉ መሀል ነው ስልኩን የሚከፍተው። ከቤት ወጥቶ ራሱን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር እያወዳደረ ባለበት ዕድሜ ላይ ነው ያለው። የካምፓስ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስትለጥፉ የሚያነበው ይሄ ልጅ መሆኑን አስቡ።

እርምጃ 3፦ ዓረፍተ ነገሩን እንደ አዲስ ጻፉ

ያወረዳችሁትን ቦታ የሚተካው ነገር አምስት ጥያቄ ይመልስ፦ ለማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ በስንት። ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። በምሳሌ እናድርገው።

የድሮው «ቦርጭህን ይዘህ እስከ መቼ?» ነበር። አዲሱ እንዲህ ይሁን፦ «ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምትውሉ፣ ጀርባና ወገብ የሚያጠነክር የ45 ደቂቃ ፕሮግራም ጀምረናል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ምሽት 12፡30። የመጀመሪያው ቀን በነጻ ነው።» ቦርጭ የሚባል ነገር አልተነሣም። ቦርጭ ያለውም የሌለውም ለእኔ ነው ይላል።

የድሮው «ከወሊድ በኋላ የተበላሸ ሰውነትሽን መልሺ» ነበር። የተበላሸ ነገር የለም፣ ሰው ነው የተወለደው። አዲሱ፦ «ወልዳችሁ ሐኪም እንቅስቃሴ የፈቀደላችሁ እናቶች፣ ቀስ ብሎ የሚጀምር የሴቶች ክፍል አለን። የምትመራው ሴት አሠልጣኝ ናት። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት 3፡00።» ሕፃን ይዞ መምጣት የሚቻል ከሆነ ያንንም ጨምሩ። የማይቻል ከሆነ አትዋሹ።

የድሮው «ቀጫጫ ወንድ አይከበርም» ነበር። አዲሱ፦ «ብረት አንሥተህ አታውቅም? ከባዶው ባር እንጀምራለን። አቋቋምህን ካላስተካከልን ኪሎ አንጨምርም።» ጂም ገብቶ የማያውቅ ልጅ ትልቁ ጭንቀቱ ሰው ፊት አለማወቁ መታየቱ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ያንን ጭንቀት ያነሣለታል።

በአፋን ኦሮሞም ስትለጥፉ ከአማርኛው ቃል በቃል አትገልብጡ። አፉን የፈታበት ሠልጣኝ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ያፌዘ የሚመስል ነገር ካለ ቶሎ ይይዘዋል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩት። «አሳፋሪ»፣ «አስቀያሚ»፣ «ሰልችቶሃል?»፣ «አታፍርም?» የሚሉ ቃላት ተመልሰው ሊገቡ ይችላሉ። እጃችን ለምዷቸዋል።

እርምጃ 4፦ ብር ከፍላችሁ ቡስት ከማድረጋችሁ በፊት

ይሄ አጭር ነው። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የሚከፈልበት ማስታወቂያ፣ የአመጋገብ ወይም የክብደት መቀነሻ ነገር ለመሸጥ ብሎ ሰው ራሱን እንዲጠላ የሚያደርግ ከሆነ የባለቤታቸው የሜታ ሕግ አይፈቅድለትም። ቲክቶክ እ.ኤ.አ በ2020 የጾም አፕሊኬሽኖችንና የክብደት መቀነሻ ሰፕሊመንቶችን ማስታወቂያ ከልክሏል። የፎቶ መለጠፊያው ፒንተረስት እ.ኤ.አ በ2021 የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያን ጨርሶ አገደ። እኛም ጋ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለዚህ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለጥፈው» የሚለው መከራከሪያ አያስኬድም።

ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ በ2015 አንድ የፕሮቲን ዱቄት ሻጭ ቢኪኒ የለበሰች ሞዴል ባለበት ቢጫ ፖስተር የምድር ባቡር ጣቢያዎችን ሞላና ገላሽ ለባሕር ዳርቻ ዝግጁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃውሞ ፈረሙበት። በዓመቱ የከተማዋ ከንቲባ ሰውን በገላው የሚያሸማቅቅ ማስታወቂያ በከተማው ትራንስፖርት ላይ እንዳይለጠፍ ወሰኑ። ያ ፖስተር የጠየቀው ጥያቄና «ቦርጭህን ይዘህ እስከ መቼ?» የሚለው አንድ ናቸው።

እርምጃ 5፦ ቁጥርና ተስፋ ስታስገቡ

«በ15 ቀን 10 ኪሎ» የሚለውን አንሡት። ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ጤነኛ አዋቂ ሰው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ደህና ፍጥነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ውኃ ነው። ሆድ ላይ ፕላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥና ላብ የሚያወጣ ቀበቶ ማሰርም ያው ነው። ላቡ ይወጣል፣ ሚዛኑ ዝቅ ይላል፣ ሰውየው ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል። ቀበቶውን የምትሸጡ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ። የምታውቁትን ነገር ደብቃችሁ አትሽጡ።

«የሆድ ስብ ብቻ የሚያጠፋ እንቅስቃሴ» የሚባል ነገርም የለም። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ስቡን ከየት እንደሚያነሣ የሚወስነው ሰውነት ራሱ ነው። አሠልጣኝ ሆናችሁ ይህን ፊት ለፊት ብትናገሩ ሰው ያምናችኋል። «ሲት አፕ ሆድ አያጠፋም፣ ታዲያ ለምን እንሠራዋለን?» ብላችሁ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሥሩ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ የሰው ሆድ ቆንጥጦ ከማሳየት በላይ ሙያችሁን ያሳያል።

ቁጥር ካስፈለጋችሁ እውነተኛው አለላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልገዋል። 150 ደቂቃ ማለት በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ፈጠን ብሎ መራመድም ይቆጠራል። «ሦስቱን ቀን ከእኛ ጋር፣ ሁለቱን ቀን ባጃጁን ትታችሁ በእግራችሁ» ብላችሁ ጻፉበት። ከወርሃዊ ክፍያችሁ ምንም አይቀንስም፣ ሰው ግን እንደምታስቡለት ያያል።

ስለ እንክብል ደግሞ አጥብቄ ልናገር። «ቀጭን ነሽ? በሁለት ሳምንት እናወፍርሻለን» ተብሎ በኢንቦክስ የሚሸጥ ነገር አለ። በብዙ አገሮች ለዚህ ያላግባብ ከሚሸጡት መድኃኒቶች መካከል ዴክሳሜታሶንና ሳይፕሮሄፕታዲን ይገኙበታል። ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ እንቅልፍም ያስይዛል። ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ነው። ፊት ያሳብጣል፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ያስነሣል። ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆም ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ጂማችሁ ውስጥ አይሸጥ። ቻናላችሁ ላይ የሌላ ሰው ማስታወቂያ ሆኖም አይለጠፍ። ተከፍሏችሁም ቢሆን።

እርምጃ 6፦ ፎቶና ቪዲዮ

የ«በፊትና በኋላ» ፎቶ ከሁሉም ይበልጥ የሚያጓጓው ነው። ላይክ ያመጣል። እኔ ተዉት ነው የምለው።

መጀመሪያ ነገር፣ በቀላሉ ይዋሻል። መብራቱን ከፊት ወደ ጎን አዙሩት፣ ጡንቻ ወጥቶ ይታያል። ትከሻ ቀጥ ይበል፣ ትንፋሽ ይያዝ፣ ከፎቶው በፊት ፑሽ አፕ ይሠራ። ሁለቱም ፎቶ በአንድ ከሰዓት ሊነሣ ይችላል። እናንተ ባትዋሹም የሚዋሹት ስላሉ ያያችሁ ሰው በምን ያምናል?

እውነተኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ግራው ላይ ያለው ሰው መጥፎ፣ ቀኙ ላይ ያለው ጥሩ ተብሎ ይታያል። ግራው ላይ ያለውን የሚመስል ሰው ሁሉ ፍርዱን በዚያው ይሰማል። እዚያ ፎቶ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ጅማ ነው የምትኖረው። ፈረንጅ አራዳ ስታልፍ፣ ኮቺ ገበያ ስትወጣ የሚያውቃት አለ። ፊቷን ብትሸፍኑት በጫማዋ ይለያታል። በዓመቱ ብታረግዝ ወይም ብትታመም ክብደቷ ይመለስ ይሆናል፤ ፎቶው ግን ከስልክ ወደ ስልክ መዞሩን አያቆምም።

ታዲያ ምን ይነሣ? ሥራው ይነሣ። ስኳት ላይ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲገባና አሠልጣኙ ሲያስተካክል አሳዩ። የሴቶች መቀየሪያ ክፍሉን ባዶውን ከፍታችሁ ቁልፉን አሳዩ። ትሬድሚል እንዴት እንደሚነሣና እንደሚቆም ለማያውቅ ሰው አስረዱ። ክረምት ላይ ጅማ ዝናቧን ታውቃላችሁ፤ ውጭ መሮጥ ሲያቅት ውስጥ ያለው ቦታ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አሳዩ። ሰው ካስገባችሁ ዕድሜው፣ ቁመናው፣ አለባበሱ የተለያየ ይሁን። ጂማችሁ ውስጥ ያሉት እነሱ ስለሆኑ ነው እንጂ ለይስሙላ አይደለም። ስታነሡ ካሜራውን በሰው ቁመት ያዙ። ሆድና ዳሌ ላይ ብቻ የሚያተኩር ቀረጻ አታድርጉ። ከኋላ በድብቅ መቅረጽማ ጭራሽ አይታሰብም።

ፊልተሩን አጥፉት። ወገብ የሚያቀጥን፣ ክንድ የሚያወፍር አፕሊኬሽን አትንኩ። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ገላ የማንም ገላ ስላልሆነ ማንም አይደርስበትም፣ አትጠቀሙበት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ ለማስታወቂያ የሚነሡ ሞዴሎች ገላ በኮምፒውተር ከቀጠነ ወይም ከወፈረ ፎቶው መነካካቱ እንዲጻፍበት አስገድዳለች። ኖርዌይም እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት። እናንተን እዚህ የሚያስገድዳችሁ ባይኖርም ጂማችሁ በር ላይ የሚመጣው ሰው ከፎቶው ጋር ያመሳክራችኋል።

ፈቃድን በተመለከተ «ትፈልጊያለሽ አይደል?» ብሎ ላብ በላብ ሆና ስትወጣ መጠየቅ ፈቃድ አይደለም። በማግሥቱ ቪዲዮውን ልካችሁ አሳዩአት። የት የት እንደሚለጠፍ ንገሯት። በጽሑፍ እሺ ትበል። ነገ አውርዱልኝ ካለች ለምን ሳትሉ አውርዱ። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ አትለጥፉ። ቅናሽ ለማግኘት ብላ ፎቶዋን እንድትሰጥ አታድርጉ፤ ብር የቸገራት ሰው እሺታ ከልብ መሆኑን ማወቅ አይቻልም።

እርምጃ 7፦ በዓሉንና ወቅቱን ስትጠቀሙ

ረመዳን ሲመጣ «ክብደት ለመቀነስ ጥሩ አጋጣሚ» ብላችሁ አትጻፉ። ጾም አምልኮ ነው። ሰዎች ከፈጣሪያቸው ጋር ያላቸውን ነገር የኪሎ ጉዳይ አታድርጉት። የሚጠቅመው የሰዓት ለውጥ ነው። «በረመዳን ከተራዊህ በኋላ ክፍት ነን፤ ቀን ላይ ለሚመጡ ቀለል ያለ ፕሮግራም አለን» በሉ። በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሥጋና ወተት የለም። ሠልጣኞች ፕሮቲን ከየት ላግኝ ብለው ይጠይቃሉ። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ መኖሩን የሚያስታውስ አንድ ፖስት ይጠቅማቸዋል።

ሠርግ ላይ ነው ብዙ ማስታወቂያ የሚበላሸው። «ለሠርግሽ ቀሚሱ ይግባሽ» እያሉ ሙሽራን በወር ውስጥ ማክሳት ይሸጣል። ልጅቷ በዚያ ወር እንቅልፍ የላትም፣ ዘመድ እየገባ እየወጣ ነው፣ ጭንቀቷ ከልክ በላይ ነው። እሷን አስርባችሁ ሦስት ሰዓት አታሠሯት። «የሠርግ ሽርጉድ ላይ ላሉ፣ ጭንቀት የሚያቀል የ30 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ሚዜዎችም ይምጡ» ቢባል ይሻላል። ቀሚሱን ልብስ ሰፊው ያስተካክለዋል።

እርምጃ 8፦ ኮሜንትና ኢንቦክስ

ጥሩ ፖስት ለጥፋችሁ ከሥሩ ሰው ቢሰደብ ቤታችሁ ውስጥ እንደተሰደበ ቁጠሩት። ቲክቶክ ላይ ስድብ የሆኑ ቃላትን አስቀድሞ የሚያግድ ማጣሪያ አለ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የተለመዱትን አስገቡበት፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፉትንም አትርሱ። ካመለጠ ሰርዙ። አንዲት ሠልጣኝ ሲቀለድባት ያየችበት ኮሜንት ሳይነካ ካደረ፣ እናንተ እንደተስማማችሁበት ነው የሚገባት።

ኢንቦክስ ላይ «ስንት ኪሎ ልቀንስ?» ሲላችሁ ፎቶ ላክ አትበሉ። «ምን ለማድረግ ነው የምትፈልገው? ሕመም አለህ? መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብላችሁ ጀምሩ። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር።

አንዳንዴ የሚጽፍላችሁ ሰው ከስፖርት ያለፈ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ምግብ እየዘለለ፣ በልቶ ሆን ብሎ እያስመለሰ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ጂም እየመጣ፣ ሰውነቱ እያለቀ «ገና ነኝ» የሚል ሰው ታገኙ ይሆናል። ይህን ሰው «ጎበዝ፣ ቀጥል» አትበሉት፣ ፎቶውንም ለማነቃቂያ አትለጥፉ። ለብቻው ጠርታችሁ በለሆሳስ አናግሩት። ሕክምና እንዳለው ንገሩት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የሚያፍር ከሆነ አብራችሁት ሂዱ። የአሠልጣኝ ቃል እንዲህ ያለ ልጅ ጆሮ ላይ ከወላጅም በላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ።

እርምጃ 9፦ መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?

በላይክ አትለኩ። ሰውን የሚያሸማቅቅ ቪዲዮ ብዙ ሊታይ ይችላል፤ ያየው ሁሉ ግን አይመጣም። መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ደብተር አስቀምጡ። አዲስ ሰው ሲመጣ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ «የትኛውን ፖስት አይተህ መጣህ?» ብላችሁ አጠገቡ መዝግቡ። በሦስተኛው ወር ደብተሩን ክፈቱና አሁንም የሚመጡትን ምልክት አድርጉባቸው። ሰው አምጥቶ ያቆየው የትኛው ፖስት እንደሆነ ይለያል። የሚቀጥለውን በዚያው መልክ ጻፉ።